ዕድር ከቀብር በፊት፦ የአረጋውያን የኅብረት ቤትና የሰፈር ማኅበር

አረጋውያን በእርጅና ዘመናቸው የት፣ ከማን ጋር ይኖራሉ የሚለው ጉዳይ በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ራሱን ችሎ የሚነሣ ጥያቄ አልነበረም፤ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነበርና። ያረጀ ሰው ከልጁ ጋር፣ ልጅ የሌለው ከወንድሙ ወይም ከእኅቱ ልጅ ጋር፣ እነዚህም የሌሉት ካሳደገው ሰው ጋር ይኖራል፤ ጦሮ የቀበረውም ንብረቱን ይወርሳል። በአማራ ገጠር ለጧሪ መሬት ማውረስ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ በከተማም ቢሆን የዘመድ ልጅ ከገጠር አስመጥቶ፣ አስተምሮና ድሮ፣ በስተርጅና በዚያች ልጅ መጦር ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው ሥርዓት ነው። ሕጉም ይህንኑ ተከትሏል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በወላጅና በተወላጅ መካከል የቀለብ ግዴታ፣ ማለትም ራሱን መቻል ያቃተውን ዘመድ የመመገብ፣ የማልበስ፣ የማስጠለልና የማሳከም ግዴታ እንዳለ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ በዚህ ድንጋጌ ተመርኩዛ ልጇን ፍርድ ቤት የምታቆም እናት ብርቅ ናት፤ ያሳደገችውን ልጅ ከምትከስ ጦም ማደርን ትመርጣለችና።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ይህ ሥርዓት ያልደረሰላቸው አረጋውያን፣ በተለይም ከቤተሰብም ከመንግሥትም ውጭ በሦስተኛ ወገን፣ ይኸውም በሰፈር ሰዎች የበጎ ፈቃድ ማኅበር፣ የሚተዳደር መኖሪያ ነው። እንዲህ ያለው መኖሪያ ከዚህ በኋላ «የኅብረት ቤት» ይባላል፤ «የጋራ መኖሪያ» የሚለው ስያሜ በአዲስ አበባ ለኮንዶሚኒየም ተይዟልና። የኅብረት ቤት ሲባል ጥቂት አረጋውያን፣ እንበል ከአራት እስከ አሥር የሚደርሱ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ክፍል ኖሯቸው፣ ማዕዱንና ግቢውን እየተጋሩ የሚኖሩበት፣ ጎረቤቶቻቸው ያለ ደመወዝ የሚያስተዳድሩት ቤት ማለት ነው። የአልጋ ቁራኛ የሆነ በሽተኛ የሚታከምበት ቦታ አይደለም፤ ዋና ሕመሙ ብቸኝነትና አቅም ማጣት ለሆነ፣ ገና ራሱን ለሚችል አረጋዊ የታሰበ ነው።

አዲሱ ገበያ ለዚህ ጉዳይ ተስማሚ ምሳሌ ይሆናል። ከእንጦጦ ግርጌ፣ በጎጃም መንገድ ላይ የሚገኘው ይህ የጉለሌ ሰፈር ከሰሜን ለሚመጣ መንገደኛ የአዲስ አበባ መግቢያ በር እንደ መሆኑ፣ ከጎጃምና ከሰላሌ የመጣው፣ ከጋሞ ሸማኔና ከጉራጌ ነጋዴ ጋር ጎረቤት ሆኖ ያረጀበት ነው። ዛሬ ከ70 ዓመት በላይ ከሆናቸው የአካባቢው እናቶች መካከል ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ጠላና አረቄ በመሸጥ፣ እንጀራ በመጋገር፣ ልብስ በማጠብ፣ አንዳንዶቹም ከእንጦጦ ጫካ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል በመውረድ ነው። እነዚህ ሥራዎች ጡረታ የላቸውም። በ1950ዎቹ የተመሠረተው የጡረታ ሥርዓት ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛውን ብቻ ሲያቅፍ ቆይቶ የግል ድርጅት ሠራተኞች ሕግ የወጣላቸው በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያም ቢሆን ቀጣሪ ለሌላት እንጀራ ጋጋሪ ምንም አልጨመረላትም። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ግን መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ የሚባለውን የገንዘብ እርዳታ በመክፈሉ ለብዙ ቤት እፎይታ ሆኗል።

ገቢ የሌላቸው እነዚህ ሰዎች አንድ ያልተጠበቀ ሀብት አላቸው፤ እርሱም ቤት ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ዓ.ም. ኪራዩን ሲቀንስ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠ ቤቶች በቀበሌ እንዲተዳደሩ ተደረገ፤ የቀበሌ ቤት የሚባለው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። በዚያን ጊዜ ወጣት ተከራይ የነበሩ ባልና ሚስት ዛሬ ወይ ሁለቱም የሉም፣ ወይ አንዳቸው ብቻ ቀርተዋል። ልጆች ያደጉበት ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮው ዝጎ ግድግዳው አዘንብሎ፣ አንዲት አሮጊት ብቻ ይዞ ይገኛል። ልጆቹ ቤይሩት ወይም ጅዳ ናቸው፤ ወይም ደግሞ ከከተማው ማዶ፣ ሁለትና ሦስት ታክሲ በሚያስይዝ ኮንዶሚኒየም፣ ሊፍት በሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉና እናታቸውን ወስደው ደረጃ እንድትወጣ ማድረግ አይችሉም። ገንዘብ ይልካሉ፤ ገንዘብ ግን ሌሊት ውኃ አያቀብልም።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ አደጋ የሚደርሰው በተለይ በሽንት ቤት መንገድ ላይ ነው። በአብዛኞቹ የድሮ የቀበሌ ግቢዎች ሽንት ቤቱ የበርካታ አባወራዎች የጋራ ሲሆን፣ ከቤቱ ራቅ ብሎ፣ በድንጋይና በጭቃ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ይገኛል። የእንጦጦ ብርድ በሚወርድበት፣ የሐምሌ ዝናብ መሬቱን በሚያሙለጨልጭበት ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ፣ የ75 ዓመት ሰው ያን መንገድ ብቻውን ሄዶ ይመለሳል ማለት ዳሌው ሳይሰበር በመቅረቱ ፈጣሪን ማመስገን ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለድሆች ተብሎ የተሠራው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሩቅ ባይሆንም፣ የወደቀን ሰው እስኪነጋ ድረስ የሚሰማው ከሌለ ቅርበቱ ብቻውን አይጠቅምም።

ያለ ልጅ ላረጁ ሰዎች መጠጊያ በመሆን ረገድ በአገሪቱ ቀዳሚ የሆነችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ባል የሞተባት፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች ሴት ቆብ ደፍታ በገዳም ወይም በደብር አጠገብ ጎጆ መቀለሷ በእንጦጦ አድባራት ዙሪያም፣ ከአዲሱ ገበያ በሚነሣው መንገድ ላይ በሚገኘው በደብረ ሊባኖስም ለዘመናት የታየ ነው። ይህ ሥርዓት በመንፈሳዊ ዓይን ምንኩስና ቢሆንም በማኅበራዊ ዓይን ሲታይ የእርጅና መኖሪያ ነው፤ እያንዳንዷ እናት የራሷ በር አላት፣ ጸሎቱና የበዓሉ ማዕድ ግን የጋራ ነው። በአዲስ አበባ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ባለጠጎች ለዘመዶቻቸው ባሠሯቸው መቃብር ቤቶች ውስጥ የሚኖሩ ችግረኞችም አሉ። ከሙታን ጋር መኖር ለሰሚው ይከብድ ይሆናል፤ ለሚኖሩበት ግን በር የሚዘጋ፣ ደወል የሚሰማበት፣ ሰው የማይጠፋበት ቦታ ነው። ካቶሊኮቹ የማዘር ቴሬዛ ደናግል ደግሞ በ1960ዎቹ አጋማሽ ስድስት ኪሎ ላይ በከፈቱት ቤት ማንም የማያነሣቸውን በጠና የታመሙ ሰዎች መቀበል ጀምረዋል።

በዘመናችን ከሁሉ የገዘፈው ምሳሌ በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። በጥቂት ሰዎች በቤተሰብ ቤት ተጀምሮ፣ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» በሚለው መፈክሩ አገር ያወቀው ይህ ድርጅት፣ ዛሬ በዋናው ማዕከሉና በክልል ከተሞች ባሉት ቅርንጫፎቹ ከ7,000 በላይ ሰዎችን ይረዳል። የመቄዶንያ ታላቅነት ከመንገድ ዳር ማንንም በማንሣቱ፣ ቁስል አጥቦ፣ አልብሶና አብልቶ ለሰውነት ክብር በማብቃቱ ነው። ይሁን እንጂ ግዝፈት የራሱ ዋጋ አለው። በሺሕ የሚቆጠር ሰው የሚያድርበት ማዕከል የእህል፣ የዳይፐርና የመድኃኒት ወጪው አንድም ቀን ፋታ ስለማይሰጥ፣ ሕዝቡን በቴሌቪዥንና በስልክ መልእክት ዘወትር መማጸን ግድ ይለዋል። ከዚህም ሌላ፣ ወደ ማዕከሉ የሚገባ አረጋዊ ከጎዳና መነሣቱ ቢሆን ሕይወቱ ሲተርፍ፣ ከሰፈሩ መነሣቱ ከሆነ ግን ቡና ያጣጡትን ጎረቤቶቹን፣ ንስሐ አባቱን፣ ስሙን አቆላምጠው የሚጠሩትን የሱቅ ልጆች ያጣል። ለመጀመሪያው ሰው መቄዶንያ አቻ የለውም፤ ለሁለተኛው ግን ሌላ ዓይነት ቤት ያስፈልጋል።

ያ ሌላ ዓይነት ቤት በእንግሊዝ አገር የተፈተነ ነው። ሪቻርድ ካር-ጎም የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ማዕረጉን ትቶ፣ በርመንዚ በተባለው የለንደን የሠራተኞች ሰፈር በየአረጋውያኑ ቤት እየዞረ ወለል በመጥረግና ምግብ በማብሰል ማገልገል ጀመረ። ከቆሻሻው ይልቅ የከበደው የአረጋውያኑ ብቸኝነት መሆኑን ስለተረዳ፣ ከጦሩ ሲሰናበት ባገኘው ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1956 እዚያው ሰፈር አንድ ተራ ቤት ገዝቶ ብቸኛ አረጋውያንን አስገባበት፤ ራሱም ቤት ጠባቂያቸው ሆነ። ከዚህ የተወለደው ማኅበር በሰፈሩ ጎዳና ስም አቤፊልድ ተባለ። ለአዲሱ ገበያ አድማጭ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ቤቱን ማስፋት ሲቻል አልሰፋም፤ በዚያ ፈንታ በየከተማው ያሉ ሰዎች የየራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው፣ በየሰፈራቸው አንድ ወይም ሁለት ቤት ይዘው፣ ስሙንና መመሪያውን ብቻ እየተጋሩ ተባዙ። ነዋሪው የራሱን አልጋና ወንበር ይዞ ይገባል፣ የወጪ ድርሻውን ይከፍላል፣ በሩን በቁልፉ ይዘጋል፤ ምሳና ራት ግን ደመወዝ የምታገኝ አንዲት ቤት ጠባቂ አብስላ በአንድ ገበታ ታቀርባለች። ካር-ጎም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከማኅበሩ ተለያይቶ ሌሎች ማኅበራት ሲመሠርት አቤፊልድ አልፈረሰም፤ ቤቶቹ የእርሱ ሳይሆኑ የየሰፈሩ ነበሩና። በኢትዮጵያ ግን ወላጅ አልባ ልጆችን ካሳደጉት ከወይዘሮ አበበች ጎበና ጀምሮ እስከ አቶ ቢኒያም ድረስ የታወቁት የምግባረ ሠናይ ሥራዎች በአንድ ትልቅ ሰው ዙሪያ የተተከሉ ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች የሚገባው ክብር እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ እስኪወለድ መጠበቅ አይቻልም።

በየሰፈሩ ያለው ዕድር ነው። ዕድር ጎረቤቶች በየወሩ እያዋጡ፣ ሞት ሲመጣ ቀብሩን የሚያስፈጽሙበትና ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝኑበት ማኅበር ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አዲስ አበባ ከየአገሩ በመጣ ሰው ስትሞላ፣ በተለይም ከጣሊያን ወረራ ወዲህ፣ ዘመድ በሌለበት ከተማ የቀባሪን ቦታ ይዞ ተስፋፋ። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ንብረት ያዥ ይመርጣል፤ በቀረ አባል ላይ ቅጣት የሚጥል መተዳደሪያ ደንብ አለው። ዕቃ ቤቱ ሲከፈት ድንኳኑ ከነብረቱ ተጠቅልሎ፣ አግዳሚው ተደራርቦ፣ ትልልቁ ብረት ድስት በትንንሹ ላይ ተከንብሎ፣ ሰሃኑና ብርጭቆው ተቆጥሮ ይታያል፤ አንድ ብርጭቆ ቢጎድል ማን ወስዶ እንዳልመለሰ በመዝገብ ተጽፏል። ከበርካታ መሥሪያ ቤቶች የተሻለ የንብረት አያያዝ እዚያ አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። ልጅ የሌላት አሮጊት ለ40 ዓመት ያዋጣችበት ዕድር በሞተች ማግስት ድንኳን ጥሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ አስከሬኗን በክብር አጅቦ ይቀብራል፤ ከመሞቷ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ግን ራት መብላቷን የሚጠይቅበት አንቀጽ በደንቡ ውስጥ የለም። ይህ የሚሆነው ዕድርተኛው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ ጎረቤት በግሉ እንጀራ ያቀብላል፣ ልጁን ልኮ ውኃ ያስቀዳል። ቀብሩ ግን የማኅበሩ ግዴታ ሲሆን ራቱ በየሰዉ ደግነት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ደግነት ደግሞ በሥራ ብዛትና በኑሮ ውድነት ይደክማል።

ደንብ እንደሚለወጥ ግን ታይቷል። የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ አዲስ አበባን በክፉ በመታበት ዘመን፣ ቀብሩ በዝቶ የዕድሮች ካዝና መራቆት ሲጀምር፣ በርካታ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ያሉ ሕሙማንን መንከባከብና ወላጅ ያጡ ልጆችን ማስተማር ጀመሩ፤ አንዳንዶቹም የዕድሮች ኅብረት መሥርተው ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጋር ሠሩ። የሞት ማኅበር ለሕይወት መሥራት መቻሉ ያን ጊዜ ተረጋግጧል። የኅብረት ቤት የሚጠይቀው ያንኑ እርምጃ ነው፤ ልዩነቱ፣ ለታመመ ሰው ማዋጣት አንድ ሰሞን ሊሆን ሲችል ቤት ማስተዳደር ማቆሚያ የሌለው በመሆኑ ነው።

የቤቱም ነገር ከባዶ አይነሣም። በቀበሌ ቤት ውስጥ «ደባል» የሚባል ነዋሪ ከቆየ ጀምሮ ይታወቃል፤ ደባል ማለት ዘመድ ሳይሆን በአንድ ቤት ውስጥ ክፍል ተካፍሎ የሚኖር ሰው ነው። በዚህ ዓይነት ለአሥርተ ዓመታት አብረው የኖሩ፣ አንዷ ስትታመም ሌላይቱ አጥሚት የምታቀርብላት፣ በፋሲካ አንድ ዶሮ ለሁለት የሚሠሩ ባልቴቶች በድሮዎቹ ሰፈሮች ጥቂት አይደሉም። ወረቀት ላይ ያልሰፈረ የኅብረት ቤት ይሏል ይህ ነው። በሌላ በኩል፣ ሰፊ ቤት ይዘው ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ሰው ለማስገባት የሚፈሩበት በቂ ምክንያት አላቸው፤ «እጦርሻለሁ» ብሎ የገባ ሰው ውል በስሙ ሲያዞር፣ አሮጊቷን ወደ ማጀት ገፍቶ ሳሎኑን ሲይዝ ታይቷልና። አንድ ሰው ሊያጭበረብር የሚችለውን፣ ሁለት መቶ አባላት ያሉት፣ በየወሩ የሚሰበሰብ፣ ሁሉም ሁሉን የሚያውቅበት ዕድር በቀላሉ ሊያጭበረብር አይችልም፤ የማኅበር ጥቅሙም እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በየክረምቱ የአቅመ ደካሞችን ቤት በበጎ ፈቃድ ማደስ በአዲስ አበባ የተለመደ ሆኗል። ያዘነበለው ግድግዳ በብሎኬት ይተካል፣ ቆርቆሮው ይለወጣል፣ ቁልፍ ርክክቡ በካሜራ ፊት ይፈጸማል። ሥራው መልካም ነው፤ ነገር ግን የታደሰው ቤት ውስጥ ያችው ብቸኛ ሴት ብቻዋን ተመልሳ ትገባለች። በዚያው ሲሚንቶና በዚያው የወጣት ጉልበት፣ ፈቃደኛ በሆነችው ባለ ውል ስምምነት፣ ሁለት ክፍል ተጨምሮ፣ ሽንት ቤቱ በጣሪያ ስር ገብቶ፣ የእጅ መደገፊያ ብረት ግድግዳው ላይ ቢታሰር፣ ለአንዲት የታደሰው ቤት ለአራት በሆነ ነበር።

ማዕዱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአዲሱ ገበያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ግቢ ይኖራሉ፤ አንድ ጣሪያ ስር ማደሩ ባያስቸግርም ሥጋው ይለያልና፣ ወይ ሁለት ምድጃና ሁለት ድስት መያዝ፣ ወይ በጋራው ገበታ ሽሮና ምስር፣ አትክልትና ጥራጥሬ ብቻ አቅርቦ የፍስኩን ነገር ለየሰዉ መተው ያሻል። ሁለተኛው ሳይሻል አይቀርም፤ ርካሽ ነው፣ ጦም በሚበዛበት አገር የሚያስቀረውም ጥቂት ነው። ጦሙንም ቢሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩና የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በአንድ ቤት ሲገናኙ፣ ከአብሳይዋ ይልቅ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና ንስሐ አባቱ ቁጭ ብለው ሊነጋገሩበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሌሊቱ ነው። ቀን ቀን ዕድርተኛው ተራ ገብቶ ሊጠይቅ፣ ወጣቱ ሊያጥብና ሊቀዳ ይችላል፤ ሌሊቱን የሚያድር ግን በበጎ ፈቃድ ለአንድ ሳምንት ይገኝ ይሆናል እንጂ ለዓመት አይገኝም። አቤፊልድ ለቤት ጠባቂዋ ደመወዝ የሚከፍለው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ በአዲሱ ገበያም የኅብረት ቤት ዋናው ቋሚ ወጪ ከምግቡ ይልቅ ይህ ይሆናል። ከገጠር መጥታ በማታው ክፍለ ጊዜ የምትማር ወጣት ክፍል፣ ምግብና መጠነኛ ደመወዝ አግኝታ ልታድር ትችላለች፤ ሆኖም ሰው ማንሣትና ማጠብ ምን ያህል ወገብ እንደሚያጎብጥ ሳይነገራት፣ የዕረፍት ቀን ሳይቆረጥላት ከሆነ፣ አረጋውያንን ከብቸኝነት ለማውጣት ሌላ ልጅን በጉልበቷ መበዝበዝ ይሆናል። ለዚህ ደመወዝ የሚሆነው ገንዘብ ከሦስት ምንጮች ሊጠራቀም ይችላል፦ ከነዋሪዎቹ የሴፍቲኔት ድጋፍ ወይም ከልጆቻቸው ከሚላክ ገንዘብ ድርሻ፣ ከዕድሩ ወርኃዊ መዋጮ ላይ ከሚጨመር ትንሽ ብር፣ እንዲሁም ድንኳንና ዕቃ ለሠርግ በማከራየት ከሚገኝ ገቢ። ሦስተኛው ዛሬም በብዙ ዕድሮች ዘንድ የተለመደ ነው።

የሕጉ መሰናክል ወሳኝ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርንና ዕቁብን ከአዋጁ ወሰን ውጭ ያደርጋቸዋል። ይህ ለቀብር ሥራቸው ነፃነት ሲሆን፣ ቤት በስማቸው ለመያዝ፣ ከውጭ እርዳታ ለመቀበልና ሠራተኛ ለመቅጠር ሲነሡ ግን ከዕድሩ ጎን የበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ማኅበር ማስመዝገብ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ ስለሚያዝ፣ የከተማው አስተዳደር የቀበሌ ቤት ውል ለእንዲህ ያለ ማኅበር በአደራ የሚሰጥበትን መመሪያ ማውጣቱ ከሥልጣኑ የወጣ ነገር አይሆንም። ያለዚያ ባለ ውሏ ባረፈች ማግስት ቤቱ ወደ ወረዳው ሊመለስና አብረዋት የነበሩት ሦስት አረጋውያን ከነአልጋቸው ደጅ ሊወጡ ይችላሉ። መልሶ ማልማትም ሲመጣ፣ ምትክ ቤት በዋናነት የሚሰጠው ለባለ ውል እንደ መሆኑ፣ አብሮ ነዋሪዎቹ ስማቸው በውሉ ላይ ካልሰፈረ ዕጣቸው መበተን ሊሆን ይችላል፤ ዕድሩም ራሱ በልማት ተነሺነት ወደ ተለያዩ ሳይቶች ሲበታተን በብዙ ሰፈር ታይቷል። ስለዚህ የኅብረት ቤት የሚያቋቁም ዕድር ከብሎኬቱና ከድስቱ አስቀድሞ፣ የነዋሪዎቹን ሁሉ ስም የያዘ ውል በወረዳው የቤቶች ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ፣ የሟች ክፍል ለማን እንደሚሰጥና የግል ንብረቷ ለየትኛው ዘመድ እንደሚደርስ በደንቡ ውስጥ ማስፈር፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪውንም በማኅበሩ ስም ማዞር ይኖርበታል።